ድልድዩ ላይ ያበቃው ድራማ

የመቐለውን ሰፈር የዓይደርን ስም ለብዙ ዓመት የማውቀው በሐዘን ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ከአየር ሲደበደብ ልጅ ነበርኩ፤ ሬዲዮኑን ከበው የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ድንገት ዝም ማለታቸው ትዝ ይለኛል። ኋላ ስሙ ከትልቁ ሆስፒታል ጋር መጣ። በትግራዩ ጦርነት ዓመታት ደግሞ መድኃኒት እንዳለቀበት፣ ሐኪሞቹ በባዶ እጅ እንደሚታገሉ እየሰማን ከረምን። እናም እዚያው የምትሠራ ጓደኛዬ «ነይና እኔ ዘንድ ሰንብቺ» ስትለኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምመላለስበት ሰፈር ነበር በዓይነ ሕሊናዬ የታየኝ። ስለ ቫምፓየር ፍቅር እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከር ግቢ ይጠብቀኛል ብሎ ማን ይገምታል!

ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ መጀመሪያ የተቀበለኝ ነፋሱ ነው፤ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ነፋሱንም ረሳሁት፤ ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ቀረ። መቐለ የድንጋይ ከተማ ናት! ብሎኬት፣ ቆርቆሮና መስታወት እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ የተራ መኖሪያ ቤት አጥር እንኳ በተጠረበ ድንጋይ ተሰድሮ ማየት ጉድ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ቢጫ ይመታል፣ ሊመሽ ሲል ይቀላል። ታክሲው ውስጥ አንገቴን እያዞርኩ «ያቺን ቤት እዪዋት! ያቺን ደግሞ!» ስል ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። እሷ ለምዳዋለች። እኔ እስክመለስ ድረስ አልለመድኩትም።

ዓይደር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ዓለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ሆስፒታልና የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሰፈሩን ሕይወት ዙሪያውን ይዘውታል። ነጭ ጋዋን ክንዳቸው ላይ ያጠፉ ተማሪዎች ይጣደፋሉ። አስታማሚዎች ፔርሙዝና የምግብ ዕቃ አንጠልጥለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከበሩ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ከገጠር የመጡ አሉ፣ ከአፋር የመጡ አሉ። ፋርማሲ፣ ጭማቂ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያ ጠባብ ሱቅ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ፦ ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ እንጭናለን። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉት ሱቆች በዓይኔ ሥር አንድ በአንድ ሲጠፉ ነው ያየሁት፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ያወርዳል። እዚህ ወረፋ አለ!

ጓደኛዬ የተከራየችው ክፍል ያለበት ግቢ ባለቤት ሁሉም ሰው ኣደይ የሚላቸው እናት ናቸው፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ኣደይ አልኳቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። ክፍሎቹን ለጤና ተማሪዎችና ለሆስፒታል ሠራተኞች አከራይተዋል፤ አንዷን ክፍል ግን ከገጠር ለሚመጡ አስታማሚዎች ለይተው ትተዋታል። ማታ ማታ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይበተናል፣ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። እንግዲህ በዚያች የመጀመሪያ ማታ፣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ከግቢው መሐል አንድ ላይ የወጣ ጩኸት ሰማሁ፦ «ዴመን! ኣንታ ዴመን!»

ሰው የተጣላ መስሎኝ ወጣሁ። ድራማ ነው። «ዘ ቫምፓየር ዳይሪስ» እያዩ ነበር።

ስሙን አውቀዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። የእኔ ትውልድ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ በተመለሱ የቱርክ ድራማዎች የተጠመደ ነው ማለት ይቻላል፤ መናፍስትና ጥርስ ያለበት ፍቅር አልቀመስኩም። ታሪኩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። ሚስቲክ ፎልስ በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ኤሌና ጊልበርት የምትባል፣ እናትና አባቷን በመኪና አደጋ ያጣች ተማሪ አለች። ስቴፋንና ዴመን ሳልቫቶሬ የሚባሉ ወንድማማቾች ይመጣሉ፤ ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ቫምፓየሮች ናቸው፣ ሁለቱም ይወዷታል። ከዚያ ደግሞ ካትሪን የምትባል፣ ቁርጥ ኤሌናን የምትመስል፣ ሁለቱንም በጥንት ዘመን ያሳበደች ሴት አለች። ሁለቱንም ሴቶች የምትጫወታቸው አንዲት ተዋናይት ናት፤ ቡልጋሪያ የተወለደችው ኒና ዶብሬቭ። ፀጉር ከመጠቅለልና ከመዘርጋት በቀር ምንም ሳትቀይር፣ በዓይኗ ብቻ ሌላ ሰው ስትሆን አፌን ይዤ ቀረሁ!

ድራማው መነሻውን ያገኘው ኤል. ጄ. ስሚዝ የተባለች ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ካሳተመቻቸው ልብ ወለዶች ነው። በቴሌቪዥን የጀመረው መስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን መጋቢት 2017 አበቃ፤ ስምንት ምዕራፍ፣ 171 ክፍል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግሩም የሆነውም ዋጋ የሌለውም አለ፤ አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ሳምንት። ይህን ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም። የሚገርመው ደግሞ ይህን እያወቁ መውደዳቸው ነው፤ የቱ ክፍል እንደሚረባ፣ የቱ እንደማይረባ፣ ለምን እንደማይረባ ያለ አንዳች ማመንታት ይነግሩሻል።

ገና ከጅምሩ አስጠነቀቁኝ። «የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ቻያቸው፤ ልጆቹ ይተያያሉ፣ ጭጋጉ ይመጣል፣ ቁራው ይጮኻል፣ ሌላ ነገር የለም» አለችኝ አንዷ የነርስ ተማሪ። እውነቷን ነው። ጭጋግና ቁራ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰባተኛው ክፍል ላይ ቪኪ የምትባለዋን ልጅ ሳይሳሱ ገደሏት፤ ድራማው ያኔ ነቃ። ከዚያ ወዲያ ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ እያስጠጋሁ ሄድኩ።

የድራማው ሕግ ብዙ ነው። ቫምፓየር ካልተጋበዘ በቀር የሰው ቤት ደፍ ማለፍ አይችልም። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ኤሌና በሯን ከፍታ ስቴፋንን «አትገባም?» ስትለው ግቢው በሙሉ ተንጫጫ። ኣደይ ስኒውን እያጠቡ ነበር። «እዚህ ቢመጣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያልቅልን ነበር» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔ ራሴ በዚያ ሰፈር በእግሬ ስሄድ ያለፍኩበት በር ሁሉ «እተዊ! ቡና ጠጪ!» ሲለኝ ስለዋለ ከሁሉም አብዝቼ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም አላውቅም። እኛ ብሎክ ላይ አንድ ቫምፓየር ደረጃው ላይ ቆሞ በረኃብ ያልቃል፤ ዓይደር ግን እንጀራውንም ቡናውንም አቅርቦ ያስገባዋል።

ከሕጎቹ ሌላኛው ዕፅ ነው። ቫምፓየሮቹን የሚያቃጥላቸው፣ ሰው በሻይ ወይ በቡና ከጠጣው ከአስማታቸው የሚጠብቀው ቅጠል አለ። ከተከራዮቹ አንዱ ፋርማሲ የሚያጠና ልጅ፣ እስከዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀምጦ የነበረ፣ ድንገት ተነሣ። «ይኼ እኮ አቱች ነው!» አለ። ከመማሪያ መጽሐፉ ፎቶውን አውጥቶ አሳየን። እውነትም አቱች! ድራማው ውስጥ የአሜሪካ ቫምፓየር የሚሸሸው ቅጠል የእኛ ባሕል ሐኪሞች ዓይን የበላውን የሚያክሙበት፣ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ዕፅ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኣደይ ግን በዚህ አልተደነቁም። ከጓሯቸው ጨና ኣዳም ቀንጥበው ስኒዎቹ ውስጥ ጣል ጣል አደረጉና «ለማንኛውም ይኼም ይጨመርበት» አሉን። እኛ ጤና አዳም የምንለው ነው። በዚያች ማታ የጠጣሁትን ቡና ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር ግቢው ይህን ድራማ የሚመዝነው በሕጉ መሆኑን ነው። ኣደይ ያደጉት ዛር የራሱ ቀለም፣ የራሱ ሽቶ፣ የራሱ ቡና እንዳለው፣ የጠየቀው ካልቀረበለት እንደማይታረቅ በሚወራበት ቤት ነው። አክሱምን የገዛው ዘንዶ ስንት ልጃገረድ እንደተገበረለት፣ መርዝ በበላች ፍየል እንዴት እንደተገደለ በልጅነታቸው ሰምተዋል። ለእሳቸው መንፈስ ማለት ሕግ ያለው ነገር ነው፤ የሚያስፈራውም የሚያምረውም ለዚያ ነው። ስለዚህ ድራማው ሕጉን ሲያከብር ተመስጠው ያያሉ። ሲጥስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ፈንዲሻቸውን ይበላሉ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራሉ።

እኔ ስንት የፊልም ሐያሲ አንብቤያለሁ፣ ይህን ያህል የጠራ መመዘኛ አላገኘሁም። ቦኒ የምትባለው ጠንቋይ ልጅ ስትሞት መጀመሪያ አለቀሱ። ተመለሰች፣ ደስ አላቸው። እንደገና ሞተች። እንደገና ተመለሰች። «እንግዲህ ለዚህች ልጅ ድንኳን አንጥልም» አሉ ኣደይ። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። ሞት መመለሻ ካለው ፍቅሩም መጨነቂያ የለውም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ኤሌና ቫምፓየር ከሆነች በኋላ ዴመንን የምትወደው የፈጠራት ደም የእሱ ስለሆነና ትእዛዙን ከመፈጸም በቀር ምርጫ ስለሌላት ይሆን እንዴ የሚል ነገር መጣ። የነርስ ተማሪዋ ላፕቶፑን ዘጋችው። «ወደደችው ወይስ ታዘዘችው? አንዱን ይንገሩን!» ብላ ጮኸች። እኔም አብሬ ጮኽኩ።

ይህቺ ልጅ ከሁሉም በላይ ያስደነቀችኝ ናት። ድራማው እንግሊዝኛ ነው፤ ኣደይና አስታማሚዎቹ አይሰሙትም። እሷ ከጎናቸው ተቀምጣ እያዳመጠች ወደ ትግርኛ ትመልስላቸዋለች። ትግርኛዬ ትንሽ ቢሆንም ሁለቱን እያስተያየሁ መስማት ጀመርኩ፤ እየሰማሁም ዓይኔ ፈጠጠ። ልጅቷ የምትተረጉመው የሚባለውን ሁሉ አይደለም! ጥሩ ክፍል ሲሆን አንዲት ቃል አታስቀርም፣ ዝምታውን እንኳ ትጠብቃለች፣ ስቴፋን ድምፁን ሲቀንስ እሷም ትቀንሳለች። ደካማ ክፍል ሲሆን የአርባ ደቂቃውን በሦስት ዐረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ መንገደኞች የሚባሉ ጠንቋዮች ሲመጡ፣ ንግግራቸው ሲረዝም፣ ሴራቸው ሲወሳሰብ፣ እሷ «ክፉዎች ናቸው፣ ይጠፋሉ» ብላ ሻይ ጠጣች። በቃ! ጠፉም። ሁለት ሺህ ዓመት ስለኖረው ስለ ሲላስ ያለውን ረጅም ትረካ ግን በራሷ ቅደም ተከተል አስተካክላ፣ መጀመሪያ የተከዳችውን ሴት፣ ቀጥላ ከዳተኛውን፣ በመጨረሻ ቅጣቱን አድርጋ ስታወራው፣ ቴሌቪዥኑ ካሳየኝ ይልቅ የእሷ ቆንጆ ነበር። ኣደይ የሚያውቁት ድራማ እኔ ካየሁት ይሻላል። ይህን እላለሁ፣ አልለውጠውም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም ባትሪው አለቀ፤ ክፍሉም መሐሉ ላይ ነበር። ልጅቷ ቀሪውን በቃሏ ጨረሰችው። በጨለማ ውስጥ የከሰሉ ፍም ብቻ እየታየ፣ ነፋሱ እየጮኸ፣ እሷ እየተረከች፣ ካትሪን ኤሌናን መስላ ወደ ቤት ስትገባ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቢላዋውን ስታነሣ፣ የአንዱን ሰውዬ ጣት ስትቆርጥ... ጓደኛዬ ክንዴን ጨምቃ ይዛኝ ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ክፍል በስክሪን አየነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ነው፣ ከድራማው ምርጥ ደቂቃዎች አንዱ። ልጅቷ ምንም አልጨመረችም፤ እንዳለ ነበር የነገረችን።

እንዴት እንዲህ በቃሏ እንደያዘችው ጠየቅኋት። ያኔ ነው ስለ ጨለማው ዘመን የነገረችኝ። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ጦርነት ስልክ ተቋርጦ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት እየመጣ እየሄደ፣ እሷ ገና ልጅ ነበረች። ቤታቸው አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ እሱ ላይ የዚህ ድራማ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ብቻ ነበሩ። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ያያሉ። እንደገና ያያሉ። ቀጣዩን ከየት ያመጡታል? ስለዚህ ለእነሱ ድራማው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አበቃ።

ሦስተኛው ምዕራፍ እንዴት እንደሚያልቅ ላላየ ልንገር። ኤሌናና የልጅነት ጓደኛዋ ማት የተሳፈሩበት መኪና ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ወላጆቿ የሞቱበት ያው ድልድይ ነው። ስቴፋን ውኃው ውስጥ ይደርሳል። ሁለቱንም በአንዴ ማውጣት አይችልም። እሷ ማትን ቀድሞ እንዲያወጣ በእጇ ምልክት ታሳየዋለች፤ እሱም ፈቃዷን ያከብራል። ሲመለስ ዘግይቷል። ግን ከዚያ በፊት ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐኪም ሳታሳውቃት የቫምፓየር ደም ሰጥታት ነበር፤ የቫምፓየር ደም በሰውነቱ እያለ የሞተ ሰው ደግሞ ይነሣል። አስከሬን ክፍል ውስጥ ዓይኗን ትከፍታለች። ጥቁር ይሆናል። አለቀ።

ይህ የግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ክፍል ነው፤ ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ይህ ድራማ አላገኘም። ከሥሩ ጀምሮ የተከለው ሕግ ሁሉ እዚያች ሌሊት ይመጣል፦ ድልድዩ፣ ደሙ፣ የምርጫው ነገር። ዓይደር ውስጥ በዚያ ጊዜ ቀጥሎ የሆነውን ማንም አያውቅም ነበር። ሰዎች የራሳቸውን አራተኛ ምዕራፍ ሠሩ። አንዱ ደሙን እንቢ ብላ ትሞታለች አለ። ሌላዋ ማትን ታገባለች አለች። የነርስ ተማሪዋ ደግሞ ነቅታ ሐኪሟን ትከሳለች ብላ ስትከራከር ከርማለች፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ ደም መስጠት አይቻልማ! እኔ ይህን ሳዳምጥ ውስጤ ተላወሰ። ሌላው ዓለም ኢንተርኔት ላይ ቀጣዩን ክፍል ሲያወርድ፣ እዚህ አንድ የተዘጋ ሰፈር ውስጥ ልጆች ድራማውን ካቆመበት አንሥተው ይደርሱት ነበር።

ስልኩ ሲመለስ፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ ቀሪዎቹን አምስት ምዕራፎች አገኙ። «ቅር አለኝ» አለችኝ። «የእኛ ይሻል ነበር።»

ለምን እንደወረደ ብዙ ተነጋገርን። እኔ ያገኘሁት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያኔ በዓመት ሃያ ሁለት ክፍል ገደማ ይፈልግ ነበር፣ ታሪክ ኖረ አልኖረ። ሃያ ሁለት ሳምንት መሞላት ሲኖርበት አስማቱ እየበዛ፣ ጠላቱ እየገዘፈ፣ ሁሉም እየሞተ እየተመለሰ ይሄዳል። ከተከራዮቹ አንዷ፣ የኮሪያ ድራማ የምትወድ ላቦራቶሪስት፣ ይህን ስትሰማ በደስታ ዘለለች። እሷ «ጎብሊን» ነው የምትለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የተጀመረ፣ ለዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረ ጠባቂ መንፈስና ልቡ ላይ የተሰካውን ሰይፍ ማየት የምትችል ልጅ የፍቅር ታሪክ ነው። አሥራ ስድስት ክፍል ብቻ። «ሰይፉ ከመጀመሪያው ተሰክቷል፣ ወጥቶ ያልቃል! አንድ ሕግ፣ አንድ መጨረሻ!» አለች። ሁለት ማታ አየነውና እኔም ወደ እሷ አዘነበልኩ፤ ከዚያ መሐሉ ላይ እሱም ሲጎተት አየሁና ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ምክንያት ኒና ዶብሬቭ ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ መሄዷ ነው። ኤሌናን አስተኟት፤ ቦኒ በሕይወት እስካለች ድረስ አትነቃም ተባለ። የፍቅር ታሪኩ አንደኛዋ ሴት ሣጥን ውስጥ ተኝታ ሰባተኛው ምዕራፍ ሦስት ዓመት ወደ ፊት፣ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሲል ዋለ። ኣደይ ይህን በሁለት ቀን ጨርሰው «የተኛ ሰው ላይ ስንት ይወራል?» አሉ።

ግን ስድስተኛው ምዕራፍ! እስከዚያ ድረስ ስቄያለሁ፣ ጮኼያለሁ። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

የኤሌና ጓደኛ ካሮላይን እናት ሊዝ ፎርብስ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ናት። ካንሰር ያዛት። እስከዚያ ድረስ የቫምፓየር ደም ስብራት ሲጠግን፣ ቁስል ሲዘጋ አይተናል። ካሮላይን ራሷ ቫምፓየር ስለሆነች ደሟን ለእናቷ ልትሰጥ ነው። መጀመሪያ ግን ሌላ የካንሰር ታማሚ ላይ ትሞክረዋለች። እናቷ ግን ደሙን ስታገኝ ሕመሙ ይፋጠናል እንጂ አይመለስም። ጸሐፊዎቹ በዚህ ጊዜ መመለሻ በር አላበጁም። አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ እናት ትሞታለች፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ትቀበራለች። አትመለስም።

ግቢው ውስጥ በዚያች ማታ ከአስታማሚዎቹ ክፍል የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናትና ልጅ፣ ታማሚው አባት ሆስፒታል ተኝቷል። የነርስ ተማሪዋ ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ዘርግታ ነበር። እናትየው «ተዪው፣ እንየው» አሏት። ልጅቷ ተረጎመች። አንዲት ቃል አላሳጠረችም። ካሮላይን ፈዋሽ ሆና ለገዛ እናቷ መድኃኒት ሳትሆን ስትቀር፣ ስቴፋን ከጎኗ ተቀምጦ ምንም የሚል ነገር ሲያጣ፣ ያ ሁሉ አስማት ከንቱ ሲሆን፣ የነበርነው ሰዎች ሁሉ ሆስፒታሉን የምናይበት ቦታ ላይ ነበርን። ኣደይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እናትየው አላለቀሱም። ሲያልቅ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው፣ ከዚያ ስለ ካሮላይን እንጂ ስለ ራሳቸው ሳይሆን፣ «ልጅቱ ደግ አድርጋለች፤ አልተወቻትም» አሉ። ያኔ ውይይቱ ተጀመረ። እንዴት ያለ ውይይት ነበር! ስለ ማስታመም፣ ለታማሚ እውነቱን ስለ መንገር፣ ያልተሞከረ መድኃኒት በሰው ላይ ስለ መሞከር፤ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ላቦራቶሪስቷ፣ አርሶ አደሯ እናት፣ ሁሉም ስለ አንዲት ያልተፈጠረች የአሜሪካ ፖሊስ ሞት እየተነጋገሩ። ሰው ይህን ድራማ ሲያናንቅ ስሰማ እነዚህን ሁለት ክፍሎች አየህ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ልመለስ ስል ፍላሼን ይዤ ወደ ነርስ ተማሪዋ ሄድኩ። አዲስ አበባ ወስጄ ለእህቶቼ ላሳይ ነው። ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ፤ የቱ ይጫን? የመጀመሪያው ምዕራፍ ከሰባተኛው ክፍል ጀምሮ ተባለ፤ እኔ ከአንደኛው ይሁን ብዬ ተከራከርኩ፣ ግብዣው የሚታየው እዚያ ነውና፤ አሸነፍኩ። ሁለተኛው ሙሉ። ሦስተኛው እስከ ድልድዩ ሙሉ። አራተኛው ላይ ተጣሉ። ከአምስተኛው ምንም አልተጫነም። ከስድስተኛው ቦኒና ዴመን ሰኔም ሐምሌም ሳይመጣ ግንቦት 10 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ላይ ብቻ ታስረው ያንኑ ቀን በየቀኑ የሚኖሩበት ተጫነ፤ ሁለቱ ተጣልተው ወዳጅ የሆኑበት ስለሆነ ማንም አልተቃወመም። አሥራ አራተኛና አሥራ አምስተኛው ያለ ክርክር ገቡ። ሰባተኛው ቀረ።

«የመጨረሻውን ካልጫንሽልኝ አልሄድም» አልኩ። በስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ኒና ዶብሬቭ ትመለሳለች፤ ስቴፋን ለወንድሙ ብሎ ይሞታል። የነርስ ተማሪዋ እጇን አጣጠፈች። የእሷ ድራማ ድልድዩ ላይ አልቋል፤ ሌላ መጨረሻ አትጭንም። ላቦራቶሪስቷ በእኔ ወገን ቆመች፣ ፋርማሲስቱ በእሷ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ፤ ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ደሓን ዲኹም?» አለ።

ኣደይ ከጀበናው ቀና ሳይሉ ፈረዱ፦ «ጫኝላት። አዲስ አበባ ሄዳ ትየውና ልክ አይደላችሁም ካለች ተመልሳ መጥታ ትከራከረን።»